ታኬታ ከድሬ ሱቅ ወይስ ከቴሌግራም? ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

የሰፈር ውድድር በተቃረበ ቁጥር ወላጆችም ልጆችም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ታኬታ ከየት እንግዛ? አንዱ ስልኩን ከፍቶ የቴሌግራም ቻናል ያሳየኛል፤ «እዚህ ከሚሉኝ በብዙ ይቀንሳል» ይለኛል። ሌላው «በዓይኔ ሳላየው ብሬን አልልክም» ብሎ በድሬ ሰፈሮች ከአሸዋ ታይዋን፣ ከታይዋን ከዚራ ሲመላለስ ይውላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር የኢትዮጵያ ሻምፒዮናን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሳባት ከተማ ናት፤ ዛሬም በየሰፈሩ ኳስ የማይወድ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ለብዙ ቤተሰብ ግን ታኬታ ከወር አስቤዛ ላይ ተቀንሶ የሚገዛ ዕቃ ነው። አንዴ ከተሳሳተ ልጁ ዓመቱን ሙሉ በማይሆነው ጫማ ይጫወታል፣ ወይም ከነጭራሹ ሜዳ አይወጣም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እግሩ በዚያ ሞዴል ገብቶ የማያውቅ ሰው ከሱቅ ይግዛ፤ ሞዴሉንና ቁጥሩን አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ኦንላይን ቢገዛ ይጠቅመዋል። ምክንያቴን መለኪያ በመለኪያ አቀርባለሁ።

ምርጫዎቹ የትኞቹ ናቸው?

«ሱቅ» ስል አሸዋ፣ ታይዋን፣ ከዚራና ሌሎችም ሰፈሮች ውስጥ ያሉትን የጫማና የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ማለቴ ነው። አዲስም ይሸጣሉ፣ ልባሽ (ሳልቫጅ) የሚሸጡም አሉ። «ኦንላይን» ስል ደግሞ በዋናነት አዲስ አበባ ተቀምጠው በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ የሚሸጡትን ነው፤ ዕቃው በአውቶቡስ፣ በፖስታ ወይም በሰው እጅ ይመጣል። ከውጭ አገር ድረ ገጽ በወኪል ማስመጣትም አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

እዚሁ ድሬ ሆነው በቴሌግራም የሚሸጡ ልጆችን ከሱቅ ጋር ነው የምመድባቸው። ሳቢያን ወይም ለገሀሬ ቀጥራችሁት ጫማውን ለክታችሁ የምትከፍሉት ሻጭ፣ ማስታወቂያው ስልክ ላይ ስለወጣ ብቻ ኦንላይን አይባልም።

መለኪያዎቹ

ዋጋን መጀመሪያ የምታዩ ከሆነ ትሳሳታላችሁ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው፦ ሶሉ ከምትጫወቱበት ሜዳ ጋር ይሄዳል ወይ? ቁጥሩ ልክ ነው ወይ? በድሬ ሙቀትና አፈር ስንት ጊዜ ይቆያል? ሙሉ ወጪው ስንት ነው? የማይሆን ከሆነስ ማንን እጠይቃለሁ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከወደቁ የቀሩትን ማየት አያስፈልግም። ታኬታው በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ አይጠቅማችሁም።

ሶልና ሜዳ

ታኬታ ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት። ከሶሉ ላይ ወይም ከሳጥኑ ላይ የሚጻፉት ፊደላት ጫማው ለየትኛው ሜዳ እንደተሰራ ይናገራሉ። ኤፍጂ (FG) የሚለው ለደረቅ የተፈጥሮ ሳር ነው፤ ጥርሶቹ ከሶሉ ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው። ኤስጂ (SG) ለረጠበና ለለሰለሰ ሳር ነው፤ ጥርሶቹ ረጃጅምና ጥቂት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም የሚፈቱና የሚታሰሩ ብረቶች ናቸው። ኤጂ (AG) ለሰው ሰራሽ ሳር የተሰራ ነው፤ ጥርሶቹ አጠር ያሉና በዛ ያሉ ናቸው። ቲኤፍ (TF) ደግሞ ሶሉ ሙሉ በሙሉ በትናንሽ የጎማ ጥርሶች የተሸፈነ ነው።

አሁን የራሳችሁን ሜዳ አስቡ። አብዛኛው የሰፈርና የትምህርት ቤት ሜዳችን ሳር የለውም፤ ፀሐይ ያደረቀው፣ ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር ነው። የኤፍጂ ጥርስ እንዲህ ያለ መሬት ውስጥ አይገባም። አይገባም ማለት የተጫዋቹ ክብደት በሙሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፋል፣ ጥርሱም ከሥር እግሩን ይገፋዋል። ከጨዋታ በኋላ የእግር መዳፍና ተረከዝ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ኤስጂ ከሆነማ በጭራሽ አታስቡት፤ በደረቅ መሬት ላይ ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፣ ሌላውንም ተጫዋች ይጎዳል።

ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ፦ ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ነው። በዚህ ዕድሜ በጠንካራ መሬት ላይ ጥርሰ ረጅም ታኬታ አድርጎ የሚሮጥ ልጅ ተረከዙን ሊያመው ይችላል፤ ጨዋታ ሲያልቅ በጣቱ እየረገጠ ያነክሳል። «ልጁ ሰንፏል» እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እንዲህ ሲሆን ማሳረፍና ሶሉ ለስላሳ ወደሆነ ጫማ ማዞር ነው እንጂ በግድ ማጫወት ጥሩ አይደለም፤ ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ይየው።

ስለዚህ ለደረቅ የአፈር ሜዳ የኔ ምርጫ ቲኤፍ ነው፣ ሁለተኛ ኤጂ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለሚጫወት ጥርሱ ስለሚገባ ኤፍጂም ያስኬዳል። (ደቻቱን ካነሳሁ፣ ክረምት ላይ ከላይ ተራራው ሲደማምን ልጆቹን ከወንዙ አውጡ። ድሬ ላይ ሳይዘንብ ጎርፉ ይመጣል፤ የ1998ቱን ክረምት ማንም የድሬ ሰው አይረሳውም።)

በዚህ መለኪያ ማን ያሸንፋል? እኔ ባየሁት ሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ የሚበዛው ኤፍጂ ነው፤ ቲኤፍ ፈልጎ ማግኘት መዞር ይጠይቃል፣ ኤጂ ደግሞ የበለጠ። ኦንላይን ምርጫው ሰፊ ነው። ነገር ግን ኦንላይን የሚለጠፈው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከጎን ወይም ከላይ ነው፤ ሶሉን የሚያሳይ ጥቂት ነው። «ለሁሉም ሜዳ ይሆናል» የሚል መልስ ካገኛችሁ አትርኩ፤ የሶሉን ፎቶ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ግን ገልብጦ ማየት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው።

ቁጥር፦ ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ጋ ነው

«42 ነኝ» ብሎ ማዘዝ ልምድ ሆኗል። 42 ግን በሁሉም ፋብሪካ አንድ ርዝመት አይደለም። የአውሮፓ ቁጥር የሚሰላው ጫማው ከተሰራበት ፎርማ (ጫማው ተወጥሮ የሚሰራበት የእግር ቅርጽ) ርዝመት ነው እንጂ ከእግራችሁ አይደለም። አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የሚጨምረው የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካዎቹ ከእግር እስከ ፎርማ የሚተዉት ክፍተት ስለሚለያይ፣ 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር በናይኪ ሰንጠረዥ 41፣ በአዲዳስ 41 ከ1/3፣ በፑማ 40.5 ሆኖ ይመጣል። ስም የሌላቸው የቻይና ታኬታዎች ላይ ደግሞ 255 ወይም 260 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ እሱ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአውሮፓው ቁጥር ይልቅ እሱን ብታምኑ ይሻላል።

እግራችሁን እንዲህ ለኩ። ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ቁሙ፣ ከሁሉ የረዘመው ጣት የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ የሚበልጠውን ያዙ። የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሞቅ ውሎ ያብጣል፣ ኳስም የሚጫወተው በዚያው ሰዓት ነው። ድሬ ውስጥ ይህ ከገበያው ጋር ይገጥማል፤ ቀትር ላይ የተዘጉት ሱቆች ተመልሰው ሲከፈቱ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ሂዱ።

ሱቅ ስትሄዱ የምትጫወቱበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ስስ ካልሲ አድርጎ ለክቶ፣ በወፍራም ካልሲ መጫወት ግማሽ ቁጥር ያህል ያጠፋል። ጫማውን አድርጋችሁ ክሩን እስከ ላይ እሰሩ፤ ቁሙ፣ ዝለሉ፣ ሲሚንቶው ላይ ሮጥ ብላችሁ ቀጥ በሉ። ጣታችሁ ከፊት ከነካ ያጥራል። ስትራመዱ ተረከዛችሁ ከጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ካለ ይሰፋል ወይም ይረዝማል። ከጣት ፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይበቃል።

ባለሱቁ በዚህ ጊዜ «አቦ ችግር የለም፣ ስታደርገው ይለቃል» ማለቱ አይቀርም። ይለቃል የሚለው ከፊሉ እውነት ነው፤ እውነተኛ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል። ወደ ፊት ግን የሚረዝም ታኬታ የለም፤ ከሥር ያለው ፕላስቲክ አይሳብማ። ዛሬ ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ታኬታ ደግሞ ሰው ሰራሽ ነው፣ ወደ ጎንም ብዙ አይለቅም። ጣት ከነካ በትህትና «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ካለ አሳየኝ» ብላችሁ መልሱት።

ለልጆች ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት በኛ አገር የተለመደ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ልጅ ያድጋል፣ ብር የለም። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ማለት 1.3 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሩ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲዞር ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል። አንድ ቁጥር አስበልጡና የውስጥ ምንጣፍ ጨምሩበት፤ ሲያድግ ምንጣፉን ታወጡታላችሁ።

ኦንላይን ከሆነ መለካቱን ሻጩ ነው የሚሰራላችሁ፣ ስለዚህ አሰሩት። የውስጥ ምንጣፉን አውጥቶ ሜትር አስጠግቶ ፎቶ ያንሳላችሁ። ምንጣፉ ከእግራችሁ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ ሻጭ አለ፤ የዚያን ሰው ስልክ ቁጥር ያዙ። «ቁጥሩ ኖርማል ነው» ብሎ የሚያልፍን ሻጭ ደግሞ እናንተም እለፉት።

በዚህ መለኪያ ሱቅ ኦንላይንን በሰፊው ይበልጣል። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ ወይም 45ና ከዚያ በላይ የምታደርጉ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ድሬ ውስጥ ፈልጋችሁ ልታጡ ትችላላችሁ።

ጥራትና ዕድሜ

«ኦሪጅናል»፣ «ማስተር»፣ «ስታንዳርድ»፣ «ቬትናም» የሚሉት ቃላት የሻጭ ቃላት ናቸው፤ ምንም አያረጋግጡም። ናይኪና አዲዳስ ብዙ ጫማቸውን ቬትናም ውስጥ ያስመርታሉ፤ አስመስሎ የሚሰራውም ይህን ስለሚያውቅ ያንኑ ጽሑፍ ያትማል። የተሻለው ማጣሪያ ምላሱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ነው፦ የሞዴሉ ኮድ ከሳጥኑ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የግራውና የቀኙም ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የመጨረሻው እንደ ቀልድ አይታይ፤ ግራው 41 ቀኙ 42 የሆነ ጥንድ ከሩቅ የመጣለት ልጅ አውቃለሁ።

ኮፒ ታኬታ መግዛት ነውር አይደለም። ከኪሳችን ጋር የሚሄደው እሱ ከሆነ እሱኑ በደንብ መርጦ መግዛት ነው። ለዚህ ደግሞ እጅና ዓይን ያስፈልጋል። ተረከዙንና ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሐል ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ እግራችሁን አይደግፍም። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ጨመቅ አድርጉት፤ ጠንከር ማለት አለበት። ሶሉና የላይኛው ክፍል የሚገናኙበትን መስመር ዙሪያውን በጥፍር ሂዱበት፤ ማስቲሹ የተዝረከረከበት ወይም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ያለበትን ተዉት።

የድሬ ሙቀት የማስቲሽ ጠላት ነው። ጨዋታ ካለቀ በኋላ ታኬታውን ቆርቆሮ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ባጃጅ ውስጥ መስታወት ሥር ትቶ መሄድ ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ሶሉ ከፊት አፉን ይከፍታል። ጥላ ውስጥ፣ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ሞልታችሁ አድርቁ። ከተገዛ በኋላ ገና ሳይደረግ ዙሪያውን በወፍራም ክር ማሰፋትም ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥሩ ጫማ ሰፊ ያለበት ሰፈር ይታወቃል። ግን መጀመሪያ ለሰፊው አሳዩት። የሶሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከፍ ያለና ጎማነት ያለው ከሆነ ይሰፋል። ስስና ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ወስፌው ይሰነጥቀዋል፤ እሱ በማስቲሽ ብቻ ነው የሚያዘው። አፉን መክፈት ሲጀምር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አንድ ጨዋታ ልጨምርበት አትበሉ።

ልባሽን በሚመለከት፦ ከውጭ የመጣ ልባሽ ታኬታ አንዳንዴ ከአዲስ ኮፒ የተሻለ ጥራት አለው። የሚታየው ጥርሱ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያሉት ጥርሶች ከሌሎቹ በግልጽ ካጠሩ ዕድሜው አልቋል። ጥርሶቹ ደህና ሆነው ሶሉ ላይ ስንጥቅ ካለም ተዉት። ልባሽን ሳይነኩ ኦንላይን መግዛት ግን አልመክርም፤ ስንጥቅ በፎቶ አይታይም።

ሙሉ ወጪው

ቴሌግራም ላይ የምታዩት ዋጋ ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዋጋ ጭራሽ አይጽፉም፣ «ኢንቦክስ» ይላሉ። ስትጠይቁ አራት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦ የጫማው ዋጋ፣ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ወይም ፖስታ የሚያደርሰው፣ እስከ ድሬ የሚያመጣው፣ ቁጥሩ ካልሆነ መመለሻው በማን ነው።

ለማስላት ያህል ብቻ ምሳሌ ላስቀምጥ። አንድ ታኬታ ኦንላይን 3,000 ብር፣ ድሬ ሱቅ 3,600 ብር ተባለ እንበል። ማድረሻው 300 ብር ከሆነ የ600 ብሩ ልዩነት ወደ 300 ወረደ። ቁጥሩ ሳይሆን ቀርቶ መላክና እንደገና ማስመጣት ካስፈለገ ሌላ 600 ብር ይጨመራል፤ ርካሹ ውድ ሆነ። በሌላ በኩል ሱቅ ውስጥ የተጠየቃችሁት 3,600 የመጨረሻው ቃል አይደለም። እዚህ ከተማ ገዢ ሳይከራከር አይከፍልም፣ ባለሱቁም ይህን አውቆ ነው ዋጋ የሚጠራው። ሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ ወደ መጀመሪያው ብትመለሱ ዋጋው አንድ ሆኖ አይጠብቃችሁም። ኦንላይን ሻጮች ጋር ክርክር አለ፣ ግን ጠበብ ያለ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ቻናል ላይ ወደ ላይ ሄዳችሁ የቆየ ፖስት አይታችሁ በዚያ ዋጋ አትከራከሩ፤ የተለጠፈበትን ቀን እዩ።

ዋጋን በሌላ ዓይን ማየትም ያስፈልጋል። 2,000 ብር የተገዛ ታኬታ ሦስት ወር ቆይቶ 4,000 ብር የተገዛው ዘጠኝ ወር ቢቆይ፣ በወር የመጀመሪያው 667 ብር፣ ሁለተኛው 444 ብር ነው የፈጀው። በሳምንት አራት ቀን የሚጫወት ሰው ይህን ስሌት ሳይሰራ መግዛት የለበትም። በሳምንት አንዴ የሚጫወት ግን ርካሹም ይበቃዋል።

የማይሆን ከሆነ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ልብ በሉ፣ የቁጥር አለመሆን ጉድለት አይደለም። ሶሉ በሳምንቱ ከተላቀቀ ጉድለት ነው፤ ከጠበባችሁ ግን የመለወጡ ነገር በስምምነት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ሜዳ ላይ ሳልጫወትበት ከመለስኩት ትለውጥልኛለህ?» በሉት። አሸዋ ያለ ባለሱቅ ነገም እዚያው ነው፤ ጎረቤቱም ይሰማል፣ ልጃችሁም ነገ ሌላ ጫማ ያስፈልገዋል። ይህ ከየትኛውም ዋስትና ወረቀት የበለጠ ይሰራል። እንዲያም ሆኖ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ፣ በቅጽል ስም የሚሸጥ ሰው ላይ ግን መብቱ ቢኖራችሁም ማንን ትይዛላችሁ? በቴሌብርም ሆነ በባንክ የተላከ ብር ሻጩ ካልፈቀደ መመለሻው አድካሚ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ቀድሞ ነው። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትላኩ፤ ትንሽ ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ የምትከፍሉበትን መንገድ ፈልጉ። ካልተገኘ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ በአካል ሄዶ አይቶ ይቀበልላችሁ፤ እኔ የማምነው ይህንን ነው። የሚከፈልበት አካውንት ስም ከሻጩ ስም ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ታኬታውን፣ ምላሱ ላይ ያለውን ቁጥርና የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አንድ ላይ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አስልኩ፤ ከሌላ ገጽ ፎቶ ለቅሞ የሚለጥፍ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። ዕቃው ሲደርስም ያመጣው ሰው ሳይሄድ ክፈቱት።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መለኪያ | የድሬ ሱቅ፣ አዲስ | የድሬ ልባሽ | ቴሌግራም፣ ከአዲስ አበባ | ከውጭ በወኪል |
|---|---|---|---|---|
| የሶል ምርጫ | ጠባብ፣ ኤፍጂ ይበዛል | እንደ ዕድል | ሰፊ፣ ግን ጠይቆ ማየት ያስፈልጋል | ከሁሉም ሰፊ |
| ቁጥር | ለክቶ መግዛት ይቻላል | ለክቶ መግዛት ይቻላል | በሴንቲ ሜትር ካልተጠየቀ አደጋ አለው | በፋብሪካው ሰንጠረዥ ብቻ |
| ጥራትን ማየት | በእጅ | በእጅ፣ ጥርሱን ማየት | በፎቶና በቪዲዮ | በሻጩ ስም መታመን |
| ተጨማሪ ወጪ | የለም ማለት ይቻላል | አንዳንዴ ማሰፊያ | ማድረሻ፣ መመለሻ | ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ የወኪል |
| ክርክር | ይቻላል | በደንብ ይቻላል | ጥቂት | የለም |
| መለወጥ | በስምምነት፣ ቀላል | ከባድ | አድካሚ | የማይታሰብ |
| ጊዜ | ያው ቀን | ያው ቀን | ቀናት | ሳምንታትና ከዚያ በላይ |

ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ታኬታ ለሚያደርግ ልጅ፦ ሱቅ፣ ያለ ጥያቄ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእግሩን ልክ በክር ለክቶ ብቻውን ገበያ የሚሄድ አባት ብዙ ነው፣ ክር ግን ስፋትን አይናገርም። ቲኤፍ ፈልጉ፤ ከታጣ ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነውን። ቀለሙን ልጁ ይምረጥ፣ ሶሉን እናንተ።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፦ ጊዜ ወስዳችሁ ልባሽ ውስጥ ፈልጉ፣ ከዋጋው ላይ የማሰፊያውን ቀንሳችሁ ተከራከሩ። በዚህ በጀት ኦንላይን አትግቡ፤ አንድ የቁጥር ስህተት ሙሉ ብራችሁን ይወስደዋል።

በክለብ ወይም በፕሮጀክት ደረጃ የምትሰለጥኑ፣ የምታደርጉትን ሞዴል የምታውቁ ከሆነ፦ ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ሶል ኦንላይን ማዘዝ ትችላላችሁ። አሮጌው ሳያልቅ እዘዙ፤ አዲስ ታኬታ በልምምድ ሳይላመድ ውድድር ላይ አይደረግም። ፋብሪካዎች ሞዴሉን ሲያድሱ ፎርማውንም ሊለውጡ ስለሚችሉ ስሙ አንድ ቢሆንም ዓመቱን አጣሩ።

ትልቅ ወይም ሰፊ እግር ላላችሁ ኦንላይን ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ የእግራችሁን ርዝመትና ከጣቶቹ ሥር ያለውን ስፋት በሴንቲ ሜትር ላኩላቸው እንጂ ቁጥር ብቻ አትላኩ። በወኪል ማስመጣት ለአንድ ጥንድ ታኬታ አያዋጣም ባይ ነኝ፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ዋጋውን ይበላዋል።

ለበረኛ ጓንትና ለቅልጥም መከላከያ እንዲህ መጨነቅ አያስፈልግም። ልካቸው ሰፋ ያለ ነው፣ ኦንላይን ርካሽ ካገኛችሁ ግዙ። ለጓንት ብቻ መዳፉ ላይ ያለው ስፖንጅ የሚይዝ መሆኑን ጠይቁ፤ በጠጠር ሜዳ ላይ ለልምምድ ወፍራሙ ይሻላል፣ ስሱ ቶሎ ይላጣል።

ለሰፈር ቡድን በአንድ ላይ የምትገዙ ከሆነ ሁለቱንም መንገድ አጫርቱ። ኦንላይን ሻጩን መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ አስልኩት፤ እዚህ ሲደርስ አራት አምስት ልጆች ይለኩት፣ ሁለት ልምምድ ይሰሩበት። የልጆቹን የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር በአንድ ወረቀት ጻፉ። ከዚያ ያንን ጥንድ ይዛችሁ አሸዋ ውረዱና ባለሱቁን «ይህንን በአሥራ ስምንት ጥንድ በስንት ታመጣልኛለህ?» በሉት። ነጋዴው ዕቃውን ራሱ የሚያመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ በብዛት ስለሚያስጭን የማድረሻው ዋጋ ለእሱ ይቀንሳል፤ ዋጋው ከቴሌግራሙ ጋር ከተቀራረበ ከእሱ ግዙ፣ ያልሆነው ቁጥር እንዲለወጥም በጽሑፍ አስፈርሙት።